ዝቅ ያለች መኪና

ሰው በመኪና ላይ የሚወደው ነገር እንደ መንገዱ ይለያያል። በእኛ አገር የጭነት መኪና ሲመረጥ አስቀድሞ የሚታየው ከመሬት ያለው ከፍታ ነው። ድንጋዩንና ቦዩን፣ የክረምቱንም ጭቃ ሆዱን ሳያስነካ የሚያልፍ መኪና ይመሰገናል፤ ፊቱ ያጎነበሰ መኪና ግን ባሌስትራው እንደ ተሰበረ ተቆጥሮ ወደ ጋራዥ ይላካል። በየጋራዡም ባሌስትራ ሲጨመር እንጂ ሲቀነስ እምብዛም አይታይም። እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ ደኅና የቆመን መኪና «ፊቱን ዝቅ ላድርገው» ቢል፣ «ምን ነካው?» ማሰኘቱ አይቀርም።

ይሁን እንጂ ከውቅያኖስ ማዶ፣ በአሜሪካ አገር፣ በተለይም በካሊፎርኒያ፣ የአሮጌ መኪናን ፊት ማውረድ ከ70 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ የራሱ ታሪክና የራሱ ባለሙያ ያለው ሥራ ነው። ይህን ሥራ ባለፈው ዓመት በዓይናችን አይተን፣ በእጃችንም ሠርተን ተመልሰናል። ለወታደሮችና ለባለቤቶቻቸው በሚዘጋጀው በዚህ ዓምድ ልናነሣው የወደድነው ስለ ጌጥ ለማውራት ብቻ አይደለም። የአንድ ቤተሰብ መተማመን በጥቂት ብሎኖችና በአንድ ጥንድ ሞላ ላይ ተንጠልጥሎ ስላየን ነው።

እኛ ባልና ሚስት ነን። ከሁለታችን አንዱ 26 ዓመት በጦር ሠራዊት ጋራዥ ከኡራል መኪና ሥር ተኝቶ የኖረ መካኒክ ነው፤ ሌላዋ ደግሞ በዚያው ዘመን በጦር ሰፈር ልጆች ያሳደገች፣ የባሏን ቱታ ከግራሶ ስታጸዳ የኖረች እመቤት ናት። የመጀመሪያ ልጃችን ያደገው አባቱን ከአጠገቡ ይልቅ በደብዳቤ እያወቀው ነው። ክፍሉ ሲንቀሳቀስ ጋራዡም አብሮ ይንቀሳቀስ ነበርና፣ ልጁ ብስክሌቱን ሲፈታ አባት በግዳጅ ላይ፣ አባት በፈቃድ ሲመጣ ልጁ በትምህርት ቤት ይሆኑ ነበር። ይህን የሚያነብ ወታደር ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ ሚስቱም ከእርሱ ይልቅ ታውቀዋለች። ልጃችን አድጎ ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ በሎስ አንጀለስ ከተማ ኑሮውን መሠረተ፤ አገባ፤ ወለደም። እኛም የልጅ ልጃችንን ለማየት ሄድን።

በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ከሚባለው ጎዳና ላይ፣ የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ሰፈር አለ። የምግብ ቤቶቹ ጽሑፍ በፊደላችን ነው፤ የቡናው ሽታም ያው የቤታችን ሽታ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚያ ተቀምጠን ሳለ አንዲት አሮጌ መኪና ስታልፍ አየን። ቀለሟ እንደ መስታወት ያበራል፤ ሆዷ ግን ከአስፋልቱ አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም። የምትሄደውም በሰው እርምጃ ልክ ነበር። «ይህች ምን ሆና ነው?» ብለን ልጃችንን ብንጠይቀው ሳቀና፣ «ምንም አልሆነችም አባባ፤ ሆን ተብሎ ነው። የእኔንም እንዲህ ላደርጋት ነው» አለን።

የነገሩን ምንጭ ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በከተማይቱ ምሥራቃዊ ክፍል ይኖሩ የነበሩ የሜክሲኮ ተወላጅ አሜሪካውያን ወጣቶች ያገለገሉ መኪናዎችን እየገዙ ያስጌጡ ጀመር። ሌላው ወጣት መኪናውን ለፍጥነት ሲያዘጋጅ፣ እነዚህ ግን ለዝግታ አዘጋጁት። በኋላው ሣጥን የአሸዋ ከረጢት ጫኑበት፤ ሞላውንም ቆረጡት። ዊትየር በሚባለው ሰፊ ጎዳና ላይ ዝቅ ብለው፣ ቀስ ብለው ይነዱ ነበር። ቀስ ያለ ሰው ይታያል፤ ሰላምታ ይሰጣል፤ ሰላምታም ይቀበላል። ለእነርሱ መኪናው የቤተሰብ ክብር መግለጫ ነበር።

መንግሥት ግን ነገሩን አልወደደውም። እ.ኤ.አ. ከ1958 መባቻ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ የካሊፎርኒያ ሕግ፣ ማናቸውም የመኪና አካል ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች እንዳይወርድ ከለከለ። በሚቀጥለው ዓመት ሮን አጊሬ የተባለ ወጣት ኮርቬት በምትባለው መኪናው ላይ በዘይት ግፊት የሚሠራ ማንሻ ገጠመ። ሲሻው ዝቅ ያደርጋታል፤ ፖሊስ ሲያይ ደግሞ ወደ ሕጋዊው ከፍታ ይመልሳታል። ሕጉ ከ60 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ሌላ ሕግ ተሽሮ፣ ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ክልከላው ቀረ። እንግዲህ ልጃችን ሊሠራ ያሰበው ነገር እኛ በደረስንበት ጊዜ ሕጋዊ ነበር። ሕጋዊ የሆነ ሁሉ ግን ደኅና ነው ማለት አይደለም።

የልጃችን መኪና እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራች ሸቭሮሌ ሲ-10 ፒክ አፕ ናት። ይህ ቅርጽ ከ1967 እስከ 1972 ሞዴል ድረስ የወጣ ሲሆን፣ አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች ዛሬም ይፈልጉታል። ፊቷ እንደ እኛ የጭነት መኪናዎች በባሌስትራ ላይ የቆመ አይደለም። በግራና በቀኝ አንዳንድ ጥምዝ ሞላ አለ። ሞላው ከላይ በሻንሲው አቃፊ፣ ከታች ደግሞ ጎማውን በሚይዘው የታችኛው ክንድ መካከል ተጨምቆ ይቀመጣል። የፊት ፍሬኗም፣ ከ1971 ሞዴል ወዲህ የመጣው፣ በዲስክ የሚሠራው ነው። ልጃችን የገዛት ከሌላ ሰው እጅ ነው፤ ስትገዛም ፊቷ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ነበር። እርሱ ግን በዚህ አልረካም። ከነበረችበት እንደገና 5 ኢንች፣ ማለትም ወደ 13 ሴንቲሜትር ገደማ ሊያወርዳት አሰበ።

በቤቱ ውስጥ የነበረውን ነገር ለመረዳት ብዙ ቀን አልወሰደብንም። ምራታችን በሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት። የ8 ዓመቱን ልጅ በዚያች መኪና ማሳፈር ካቆመች 4 ወር ሆኗት ነበር። አልጮኸችም፤ አልተጣላችም፤ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የምታደርሰው በራሷ መኪና ብቻ ሆነ። ባሏ ይህን እንደ ንቀት ቆጠረው፤ እርሷም ዝምታውን እንደ ግትርነት ቆጠረችው። አንድ ምሽት ከሁለታችን እናቲቱ በወጥ ቤት ብትጠይቃት፣ «እማማ፣ እኔ በየሌሊቱ በአልጋ ላይ ሲመጣ የማየውን እርሱ አያይም። በመታጠፊያ ላይ ፊቷ ሲወዛወዝ ይሰማኛል። መኪናዋን አልጠላኋትም፤ አላመንኳትም እንጂ» አለች። ይህ የመካኒክ ቋንቋ አይደለም፤ ነገር ግን ማንም መካኒክ ከዚህ የተሻለ ምልክት ሊሰጥ አይችልም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት መኪናዋ በግቢው ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ቆማ ሥራ ተጀመረ። ከሁለታችን መካኒኩ 68 ዓመቱ ነውና ከመኪና ሥር ለመተኛት ጉልበቱ አልፈቀደለትም፤ የባትሪ መብራት ይዞ በርከክ ብሎ ተመለከተ። በቀኝ በኩል ያለው ሞላ ሁለቱ ጥምዞቹ ሊነካኩ ደርሰዋል። የብረቱ ቀለም በዚያ ሥፍራ ወደ ሰማያዊና ጥቁር ተለውጧል። የታችኛው ክንድ ወደ ላይ ሲነሣ እንዳይመታ የሚጠብቀው ጎማ ተደቁሶ እንደ ተረገጠ ቂጣ ሆኗል። በግራ በኩል ያለው እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን ከቀኙ በጣት ያህል ይበልጣል። የቀድሞው ባለቤት፣ ወይም እርሱ የከፈለው ሰው፣ ሞላውን ሳይፈታ በጋዝ እሳት ግሎ እንዲሟሽሽ አድርጎ ኖሯል።

ይህ አሠራር ምን ጉዳት እንዳለው በጋራዥ ያልዋለ አንባቢም ሊያውቀው ይገባል። የሞላ ብረት ጉልበቱን የሚያገኘው በእሳት ነው። መጀመሪያ ይግላል፤ ቀጥሎ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ ከዚያም በተለካ ሙቀት እንደገና ይሞቅና ጥንካሬውና ተለጣጭነቱ ይመጣጠናሉ። በእጅ እሳት ቀይ እስኪሆን ያጋለው ሰው ይህን ሁሉ ሚዛን ያፈርሰዋል። ከዚያ በኋላ አንዱ ጥምዝ እንደ ሸክላ ተሰባሪ፣ ሌላው እንደ ሰም ልል ሊሆን ይችላል፤ የትኛው የት እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። እንዲህ ያለው ሞላ አንድ ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ በሚቀጥለው ጉድጓድ ላይም ሊሰበር ይችላል።

ልጃችን ይህን ሲሰማ ጥቂት ዝም አለና፣ «እንግዲያው ይህን እናውጣው። አንድ የማውቀው ሰው አዲስ ሞላ አምጥቶ 2 ጥምዝ ቆርጦ በግማሽ ሰዓት ይገጥምልኛል» አለ። አባቱ አልተቆጣም። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ ለራሷ አሳጠረች» አለውና ከጎኑ በመሰላል ላይ ተቀመጠ። ከዚያም የኡራል ሹፌሮችን ያስተምር በነበረበት ድምፅ የሞላን ነገር ያስረዳው ጀመር።

ሞላ ሲቆረጥ ማጠር ብቻ አይደለም፤ ይጠጥራልም። መጨመቁ የሚከፋፈለው ለጥምዞቹ ነው። 10 የነበሩት 8 ሲሆኑ እያንዳንዱ ጥምዝ ያው የቀድሞውን ሸክም ይሸከማል፤ የሚሰጡት ጥምዞች ቁጥር ግን ስለቀነሰ ጠቅላላው መለጠጥ ያንሳል። ስለዚህ መኪናው ዝቅ ማለቱ ሳያንስ ከመንገዱ የሚመጣውን ምት ሁሉ ለተሳፋሪው ያስተላልፋል። ሁለተኛም፣ ሞላው የተቀመጠው ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በክንዱ ላይ ነውና፣ ሞላው በ1 ኢንች ቢያጥር መኪናው የሚወርደው ከ1 ኢንች በላይ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ትንሽ ቆረጥኩ ብሎ ብዙ ያወርዳል፤ የተቆረጠ ሞላ ደግሞ አይቀጠልም። ሦስተኛም፣ ክንዶቹ ከተፈጠሩበት ማዕዘን ሲወጡ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ጎማውም በውስጥ ጠርዙ በኩል ይበላል፤ አሞርዛተሩም ለመጨመቅ ቦታ ያጣል።

«ታዲያ ሰው ሁሉ እንዴት ያወርዳል?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ በልጁ አገር እንጂ በእኛ አገር የተፈለሰፈ አልነበረም፤ ሆኖም ብልሃቱን ያየ መካኒክ ያደንቀዋል። ጎማው የሚሽከረከርበትን ዘንግ የሚሸከም፣ ከላይኛውና ከታችኛው ክንድ ጋር በኳስ መገጣጠሚያ የተያያዘ ቋሚ ብረት አለ፤ በእኛ ጋራዥ ቋንቋ ፉዜሎ የሚባለው ነው። ለዚህች መኪና ተብሎ የሚሠራ ሌላ ፉዜሎ ይሸጣል። በእርሱ ላይ የጎማው ዘንግ ከተለመደው ቦታ 2 ኢንች ተኩል ወደ ላይ ተነሥቷል። ዘንጉ ወደ ላይ ከተነሣ፣ ጎማው ከመሬት ስለማይለቅ መኪናው ያንኑ ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ሞላው አይነካም፤ ክንዶቹም በነበሩበት ማዕዘን ይቆያሉ። መኪናዋ ዝቅ ትላለች እንጂ ጠባይዋ አይለወጥም።

ልጃችን «2 ኢንች ተኩል ብቻ?» አለ። 5 ኢንች ተመኝቶ ግማሹን መቀበል ቀላል አይደለም። ከዚያ በላይ መውረድ የሚቻልበት መንገድ እንዳለ እርሱም አባቱም ያውቁ ነበር፤ ከፋብሪካ አጥሮ የተሠራ ሞላ አለ፤ በአየር የሚነፋ ከረጢትም አለ። ነገር ግን መኪናዋ ጡብ የምትጭን፣ ልጅም የምታደርስ የቤት መኪና እንድትሆን የፈለገው ራሱ ነበር። ለጥቂት ጊዜ አባትና ልጅ ሳይነጋገሩ ቆዩ። በመጨረሻ ልጁ አዲስ የመጀመሪያ ልክ ያላቸውን ሁለት ሞላዎችና ሁለቱን ፉዜሎዎች አዘዘ። ዕቃው እስኪደርስ 6 ቀን ጠበቅን።

ሥራው በተጀመረበት ቀን ከሁለታችን እናቲቱ አንድ ሕግ አወጣች። መኪናዋ በክሪክ ብቻ ቆማ ሳለ ማንም ሰው እጁን እንኳ ከሥሯ እንዳያስገባ፣ ልጁም ከበሩ ደፍ እንዳያልፍ። ይህን ሕግ ያወጣችው ከመጽሐፍ አንብባ አይደለም። በጦር ሰፈር በኖረችባቸው ዓመታት ከወደቀ መኪና ሥር የወጣ ሰው ቤት ለቅሶ ተቀምጣ ታውቃለችና ነው። የኋላ ጎማዎች በፊትና በኋላ ተወሸቁ። ፊቷ በክሪክ ተነሣ፤ ሻንሲዋ በግራና በቀኝ በካቫሌቶ ላይ ዐረፈ። ከዚያም ልጃችን መኪናዋን በትከሻው ገፍቶ እንደማትወዛወዝ አረጋገጠ።

ጎማው ወጣ። የፍሬኑ መያዣ ተፈትቶ በሽቦ ተንጠለጠለ፤ በቱቦው ላይ እንዳይንጠለጠል አባትየው ሁለት ጊዜ አሳሰበ። አሞርዛተሩም ወጣ። ከዚህ በኋላ ያለው የሥራው አደገኛ ክፍል ነው። የተጨመቀ ሞላ ያለ ልጓም ቢለቀቅ ሰው ይገድላል። ስለዚህ በታችኛው ክንድ ሥር ክሪክ ገባ፤ በሞላው ውስጥ ወፍራም ሰንሰለት አልፎ ከሻንሲው ጋር በልል ታሰረ። የኳስ መገጣጠሚያዎቹ ዳዶ ተፈታ፤ ነገር ግን ፈጽሞ አልወጣም፤ ጥቂት ጥርስ እንዲይዝ ተተወ። ከዚያም የፉዜሎው ጎን በመዶሻ ተመታ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአራተኛው መገጣጠሚያው ጮኾ ተላቀቀ፤ ያቺ የተተወችው ዳዶም ሸክሙን ያዘችው። በሞላው ፊት ለፊት የቆመ ሰው አልነበረም።

አሁን ክሪኩ ክንዱን በጥቂቱ ደግፎ ዳዶው ወጣ። ክሪኩን ቀስ አድርጎ የማውረዱ ሥራ የማን እንዲሆን አልተነጋገርንም። የአባትየው እጅ ወደ መዘውሩ ሄዶ ነበር፤ መልሶ ሰበሰበውና ለልጁ አሳለፈለት። ልጁም በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር አወረደው። ሞላው እያቃሰተ ተለጠጠ፤ በመጨረሻም ልል ሆኖ በሰንሰለቱ ላይ ተንጠለጠለ። ያን ጊዜ ሁላችንም ትንፋሻችንን እንደ ያዝን አስተዋልን።

ሁለቱ አሮጌ ሞላዎች ወጥተው በሲሚንቶው ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ ከሁለታችን እናቲቱ የልብስ መስፊያ ሜትሯን አምጥታ ለካቻቸው። ቀኙ ከግራው 2 ሴንቲሜትር ያጥር ነበር። ምራታችን ከሌሊት ሥራ ተመልሳ ገና የነርስ ልብሷን ሳታወልቅ በበሩ ቆማ ታይ ነበር። መጥታ ጎንበስ አለችና፣ በእሳት የጠቆረውን ሥፍራ በጣቷ ዳሰሰችው። ከጥቁሩ ብረት አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር። ምንም አልተናገረችም። ባሏም «ትክክል ነበርሽ» ሊላት ሲፈልግ አየነው፤ ግን አላለም፤ ስንጥቁን በኖራ ከበበውና ሞላውን ማንም እንዳይጠቀምበት ለየብቻ አስቀመጠው። አንዳንድ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው በእጁ ነው።

አዲሱ ሞላ መቀመጫውን በትክክል እስኪያገኝ ድረስ እየተዞረ ገባ፤ ክሪኩ ክንዱን አነሣ፤ አዲሱ ፉዜሎ ተገጠመ። ብሎኖቹ በልክ መፍቻ እንደ አምራቹ መመሪያ ጠበቁ፤ በየዳዶውም አዲስ ኮፒሊያ ገባ። አሮጌዋን ኮፒሊያ ቀጥ አድርጎ መልሶ መጠቀም በብዙ ጋራዥ የተለመደ ነውና፣ ለሁሉም አንባቢ እንናገር፤ ኮፒሊያ ዋጋዋ ከሻይ ዋጋ ያንሳል፤ የምትይዘው ግን ጎማውን ነው። የልጅ ልጃችን ከበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ አሮጌዎቹን ኮፒሊያዎች በቆርቆሮ ሰብስቦ ቆጠረ፤ የገቡትም አዲሶቹ ከእርሱ ቁጥር ጋር እኩል እንደሆኑ አመሳከረ። ይህ ጨዋታ አልነበረም፤ ሥራ ተሰጥቶት ነበር።

ጎማው ከተመለሰ በኋላ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተዞረ። ቸርኬው ከአዲሱ ፉዜሎም ሆነ ከመሪው ዘንግ ጋር እንዳይነካካ፣ የፍሬን ቱቦውም እንዳይወጠር ታየ። ፍሬኑ በዝግታ ጉዞ ተፈተነ። በማግሥቱ የጎማዎቹ አቅጣጫና ዝንባሌ በባለሙያ መሣሪያ ተለካ፤ በዚህች መኪና ላይ የሚስተካከለውም በላይኛው ክንድ ዘንግና በማቀፊያው መካከል በሚገቡ ስስ የብረት ቁራጮች ነው። ፊቷ ዝቅ ስላለ የፊት መብራቷም አብሮ ዝቅ ብሎ መንገዱን በቅርቡ ብቻ ያሳይ ነበርና፣ እርሱም በግድግዳ ላይ ተለክቶ ተቃና። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ከጥቂት ቀን ጉዞ በኋላም ብሎኖቹ ሁሉ እንደገና በልክ መፍቻ ተፈተሹ።

ሥራው ካለቀ በኋላ በሦስተኛው ቀን ምራታችን ባሏን ሦስት ነገር ጠየቀችው። «ሞላው አዲስ ነው? ጎማው ወደ ውስጥ እንዳላዘነበለ የሚያሳይ ወረቀት አለህ? በ2 ኢንች ተኩል ረክተሃል ወይስ ሌላ ጊዜ ትቆርጠዋለህ?» ለመጀመሪያው አዎን አለ። ለሁለተኛው ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። ሦስተኛው ላይ ጥቂት ቆየና፣ «5 እመኝ ነበር፤ አሁንም እመኛለሁ። ግን አልቆርጠውም» አለ። እርሷን ያሳመናት ይህ ይመስለናል። «ረክቻለሁ» ቢል ኖሮ አታምነውም ነበር። ቁልፉን ተቀብላ ራሷ ነዳቻት፤ ልጇንም ከጎኗ አስቀመጠችው። እኛ በኋላው ሣጥን ላይ ለመቀመጥ ብንሻም በዚያ አገር ሕጉ ስለማይፈቅድ በሩ ላይ ቆመን ሸኘናቸው።

ያች መኪና ዛሬም ከነበረችበት ከፍታ በላይ ቆንጆ ናት። ፊቷ የሚያጎነብስ ሳይሆን የሚያደምጥ ይመስላል። እንደ ዊትየር ጎዳና መኪናዎች አስፋልት የምትስም አይደለችም፤ ልጃችንም በእርሷ ውድድር አያሸንፍም። በየቅዳሜው ግን አባቱን በስልክ ይጠራዋል፤ አንዳንዴ ስለ ካርቡራቶር፣ አንዳንዴም ስለ ምንም። በ26 ዓመት የደብዳቤ ልውውጥ ያልተነገረ ብዙ ነገር በካርቡራቶር አሳብቦ ይነገራል።

ውድ አንባብያን፣ በየጦር ሰፈሩ ያለን ሰዎች የመኪና ፊት ማውረድ ላያስፈልገን ይችላል፤ ጠጠሩ መንገዳችንም አይፈቅድልንም። አቋራጩ ግን በእኛም ዘንድ አለ። የተሰነጠቀ ባሌስትራ በሽቦ ይጠፈራል፤ የፍሬን ቱቦ በላስቲክ ይጠቀለላል፤ ክሪክ በድንጋይ ላይ ይቆማል። በግዳጅ ላይ የሚደረግ ሌላ ነው፤ ወታደር በእጁ ባለው ነገር ይወጣዋል። በሰላም ጊዜ፣ በሰፈር ግቢ፣ ቤተሰብ ለሚሳፈርበት መኪና ግን ግማሽ ሰዓት ለማትረፍ ሲባል እንዲህ ማድረግ ምክንያት የለውም። ባል ሆይ፣ ሚስትህ «ይህ መኪና አላማረኝም» ስትልህ የመካኒክ ቃል ስላልተናገረች አትናቃት፤ ጎንበስ በልና ከሥሩ እይ። ሚስትም ሆይ፣ ባልሽ ከመኪና ሥር ሲገባ ሻይ ከመውሰድሽ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቂው፤ «ካቫሌቶ አስገብተሃል?» በይው። መልሱን በጆሮሽ ብቻ አትቀበዪ፤ በዓይንሽም እዪው። ከዚያ በኋላ ሻዩን ውሰጂለት።